ሰማያዊ ሳይኖር አረንጓዴ፦ በጋራ ሥዕል የቀለም ቅልቅልን መማር



የዚህ ዕትም የትምህርት ዓምድ ስለ ቀለም ቅልቅል ነው። ርዕሱን ከመጽሐፍ አልመረጥነውም፤ ሥራ ነው ያመጣው። በዒድ ቀን መስጂዱ ግቢ ውስጥ የሚቆም ትልቅ የሥዕል ሰሌዳ በጋራ እንድንሠራ ጀመዓው ተስማማ። ሰሌዳው የሚያሳየው ያለንበትን ምድር ነው፦ ከሶዶ ከተማ በላይ የተቀመጠውን የዳሞታ ተራራ፣ የእንሰት ጓሮ፣ ከታች የዓባያ ሐይቅን፣ ዙሪያውን ደግሞ እንደ ክፈፍ የዱንጉዛን ጥለት። የዱንጉዛ ቀለማት ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ናቸው፤ በመስከረም ጊፋታ ሲከበር ሶዶ የነበረ ሁሉ ያውቃቸዋል። ስለዚህ እነዚህን ሦስቱን ከአንድ ትልቅ ጣሳ ነጭ ጋር ገዛን፤ ገንዘቡም እዚያው ላይ አለቀ። ቀጥሎ ጥያቄው መጣ። ተራራውም እንሰቱም አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ከሰማያዊና ከቢጫ እንደሚገኝ ሁላችንም እናውቃለን። ሰማያዊ ግን የለንም።

"እናውቃለን" በሚለው ቃል ላይ ትንሽ እንቆይ። አብዛኞቻችን ይህን የተማርነው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በነጭ ጠመኔ "ሰማያዊ ሲደመር ቢጫ እኩል ይሆናል አረንጓዴ" ተብሎ ተጽፎልን ነው። እኛም ደብተራችን ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ገለበጥነው፤ ፈተና ላይም በትክክል መለስነው። ሁለቱን ቀለሞች በአንድ ዕቃ አድርጎ በእጁ ያማሰለ ማን እንደሆነ ስንጠያየቅ ግን ከተሰበሰብነው መካከል እጁን ያወጣው አንድ ወንድም ብቻ ነበር። እርሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ይሥላል።

እንዲህ ባለ ጊዜ የተለመደው አካሄድ ይታወቃል። ሥራው በሙሉ ለሚችለው ሰው ይሰጣል፤ ሌላው ውሃ ያቀብላል፣ ባልዲ ያጥባል፣ ፎቶ ያነሳል። ሰሌዳው ያምራል፤ የሚችለው ሰው ተመርቆ ሲሄድ ግን ችሎታው አብሮት ይሄዳል፤ የሚቀጥለው ዓመት ጀመዓ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። በዚህ ምክንያት ያ ወንድም ራሱ ሐሳብ አቀረበ፦ ቀለሙን ሁሉም ይቀላቅል፣ እርሱ ንድፉን ብቻ በእርሳስ ይሥራ። እኛም ተቀበልነው። ከዚያ በኋላ የተማርነውን ነው እዚህ የምናካፍላችሁ።

ቀለም መቀላቀል መቀነስ ነው

መጀመሪያ ፊዚክሱን እናስቀምጥ። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ በግምት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ነው። በአጭሩ ጫፍ ወይን ጠጅና ሰማያዊ፣ መሐል ላይ አረንጓዴና ቢጫ፣ በረጅሙ ጫፍ ቀይ ይገኛሉ። የፀሐይ ብርሃን ሁሉንም ይዟል። ቢጫ ቀለም ቢጫ ሆኖ የሚታየን ቢጫ ብርሃን ስለሚያመነጭ አይደለም። ከሚያርፍበት ብርሃን ውስጥ ሰማያዊውን ክፍል ይውጣል፤ የቀረውን፣ ማለትም አረንጓዴውንም ቢጫውንም ቀዩንም ይመልሳል። ሰማያዊ ቀለም ደግሞ ቀዩንና ቢጫውን ይውጥና ሰማያዊውን ከጥቂት አረንጓዴ ጋር ይመልሳል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ አንዱ የመለሰውን ሌላው ይውጠዋል። ከሁለቱም የሚተርፈው አረንጓዴው ነው። ጠመኔው የነገረን "መደመር" በእውነቱ መቀነስ ነበር ማለት ነው።

ይህን ካወቅን ሌላም ነገር ይገባናል። በአንድ ዕቃ ውስጥ የምንጨምራቸው የቀለም ዓይነቶች በበዙ ቁጥር የሚዋጠው ብርሃን ይበዛል፤ ውጤቱም እየጨለመና እየደበዘዘ ይሄዳል። ስምንት ሰው ስምንት ቀለም ይዞ በአንድ ሳህን ላይ ቢያፈስ የሚገኘው የቀስተ ደመና ውበት ሳይሆን የክረምት ጭቃ ነው። አንዴ የገባ ቀለም ደግሞ ተመልሶ አይወጣም። ጨው የበዛበት ወጥ ላይ ውሃ ጨምሮ ማሟሸት እንደሚቻል ሁሉ የጨለመ ቀለም ላይ ነጭ መጨመር ይቻላል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ የምታገኙት የመጀመሪያውን ሳይሆን የደበዘዘ ሌላ ቀለም ነው፤ መጠኑም ከሚያስፈልጋችሁ በላይ ይሆናል።

የስልካችሁ ስክሪን ግን በተቃራኒው ይሠራል። ስክሪኑ ላይ ነጭ ገጽ ክፈቱና በጣት ጫፍ ትንሽ የውሃ ጠብታ አድርጉበት። ጠብታው እንደ ማጉያ ሌንስ ሆኖ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጥቦችን ያሳያችኋል። ስክሪኑ ብርሃን ራሱ ያመነጫል፤ ስለዚህ እውነተኛ መደመር ነው። በስክሪን ላይ ቀይና አረንጓዴ ሲደመሩ ቢጫ ይሆናሉ፤ በብሩሽ ቀይና አረንጓዴ ቀለም ብትቀላቅሉ ግን የሚወጣው ቡናማ ነው። ስልኩ ላይ ዲዛይን ሠርቶ "ይህንኑ ቀለም ግድግዳ ላይ አምጡልኝ" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚቸገረው ሁለቱ የተለያዩ ሥርዓቶች ስለሆኑ ነው።

ይህ ጥያቄ ለሙስሊም ሊቃውንት አዲስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ965 በበስራ ተወልደው ካይሮ የኖሩት ኢብኑል ሀይሠም "ኪታቡል መናዚር" በተባለው ሥራቸው ላይ የልጆች እንዝርት መሰል መጫወቻ ያነሳሉ። ከመሐሉ ወደ ጠርዙ በተለያዩ ቀለሞች መስመር የተሰመረበት መጫወቻ በፍጥነት ሲሽከረከር ዓይን የሚያየው ከመስመሮቹ የአንዱንም የማይመስል አንድ ቀለም ነው። እርሳቸው በዚህ ያስረዱት ዓይን ቀለምን ለይቶ ለማወቅ ጊዜ እንደሚያስፈልገው ነው። ከእርሳቸው ጋር በአንድ ዘመን የኖሩት ኢብን ሲና ደግሞ ሌላ ነገር ጠየቁ፦ ከነጭ ተነስተን ወደ ጥቁር ስንሄድ በየት በኩል እናልፋለን? በግራጫ በኩል ማለፍ ይቻላል፤ በቀይ በኩልም ይቻላል፤ በአረንጓዴ በኩልም ይቻላል። ከ1201 እስከ 1274 የኖሩት ነሲሩዲን አጥ-ጡሲ ይህን አስፍተው መንገዶቹን አምስት አደረጓቸው፦ በቢጫ፣ በቀይ፣ በአረንጓዴ፣ በሰማያዊ እና በግራጫ። ቀለም አንድ ቀጥተኛ መስመር እንዳልሆነ፣ ብዙ አቅጣጫ እንዳለው የተረዱ ሰዎች ነበሩ። ኢንጂነሪንግ ለምናጠና ሰዎች ይህ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ዛሬ በሦስት ዘንጎች የምንለካውን የቀለም ህዋ እነርሱ በመንገድ ምሳሌ ነበር የሚያስቡት።

የቢጫው መንገድ

ልምምዱን የጀመርነው ከዚሁ ሐሳብ ነው። በተቆረጠ ካርቶን ላይ ሰባት ሰባት ሳጥን ሠራን። የመጀመሪያው ሳጥን ነጭ፣ አራተኛው ንጹሕ ቀለም፣ ሰባተኛው ጥቁር። መሐሉን እያንዳንዱ ቡድን በራሱ መንገድ ይሞላል። አንዱ በግራጫ፣ አንዱ በቀይ፣ አንዱ በቢጫ።

የግራጫው መንገድ እንደተጠበቀው ሆነ። የቀዩ መንገድ ከነጭ ወደ ሮዝ፣ ከሮዝ ወደ ቀይ፣ ከዚያ የደረቀ በርበሬ ወደሚመስል ጥልቅ ቀይ፣ በመጨረሻም ወደ ጥቁር ቡናማ ሄደ። የቢጫውን መንገድ የያዘችው ብሩሽ ይዛ የማታውቅ የአንደኛ ዓመት እህት ነበረች። ከንጹሕ ቢጫ በኋላ ያለውን ሳጥን ለመሙላት ቢጫው ላይ አንዲት ጠብታ ጥቁር ጨምራ ስታማስል ቀለሙ ጨለማ ቢጫ አልሆነም። አረንጓዴ ሆነ። ብሩሽዋ ንጹሕ እንዳልነበረ ገምታ እንደገና አጥባ ሞከረችው። አሁንም አረንጓዴ ነው፤ የወይራ ቅጠል ዓይነት፣ የደረሰ እንሰት ኮባ የታችኛው ፊት ዓይነት አረንጓዴ።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በቀለም ጣሳ ውስጥ ያለው ጥቁር በአብዛኛው የካርቦን ጥላሸት ነው። መድረሳ ሉህ ላይ ስንጽፍበት የነበረው ቀለምም ከጥላሸት እንደሚዘጋጅ የምታስታውሱ አላችሁ፤ ያው ነገር ነው። ይህ ጥቁር በትንሽ መጠን ሲሟሟ ብዙ ጊዜ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል፤ ነጭ ውስጥ ጨምራችሁ ብታዩት ቀዝቃዛ ግራጫ ይሰጣችኋል። ሁለተኛው ከዓይናችን ጋር የተያያዘ ነው። ብርቱካናማ ሲጨልም "ጨለማ ብርቱካናማ" ብለን አናየውም፤ ቡናማ ብለን ነው የምናየው። ቢጫም እንዲሁ ነው፤ ሲጨልም ዓይናችን ወደ ወይራ አረንጓዴ ይተረጉመዋል።

ስለዚህ የጎደለን ሰማያዊ አልነበረም። የዱንጉዛው ሦስት ቀለማት ራሳቸው የወላይታን ምድር ይሥላሉ። ቢጫና ጥቁር እንሰቱንና የዳሞታን ጎን ይሰጣሉ። ቀይና ቢጫ ብርቱካናማ ይሆናሉ፤ በዚያ ላይ ጥቂት ጥቁር ሲጨመር የሶዶ መንገድ ዳር የምናየው የቀይ አፈር ቀለም ይወጣል። እዚያው ላይ ነጭ ስትጨምሩ ዓባያ ይመጣል። ዓባያን አይታችሁት ከሆነ ውሃው ሰማያዊ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ፤ እንደ ብላቴ ያሉ ወንዞች የሚያመጡት ደቃቅ አፈር በውሃው ውስጥ ተንሳፎ ስለሚቆይ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ሐይቅ ሁሉ ሰማያዊ ነው ብሎ የሚሥል ሰው ዓባያን አላየውም።

በጥቂት ቀለም መሥራት የድህነት ምልክት እንዳይመስላችሁ። ከ1860 እስከ 1920 የኖረው ስዊድናዊው ሠዓሊ አንደርስ ዞርን ዛሬ ድረስ በየሥዕል ትምህርት ቤቱ የሚነሳው በነጭ፣ በአፈር ቢጫ፣ በቀይና በጥቁር ብቻ በመሥራት ነው። በአገራችንም በሐረር ጁገል ባህላዊ ቤቶች ውስጥ ነደባው የሚቀባው በቀይ አፈር ነው። የአፈርን ቀይነትና ቢጫነት የሚሰጡት የብረት ኦክሳይዶች ናቸው፤ ያው ብረት ነው በውሃና በኦክስጅን አያያዙ መልኩ የሚለያየው። አላህ አደምን ከምድር ሁሉ ከተወሰደ አንድ ጭብጥ አፈር እንደፈጠረውና ልጆቹም በዚያው ልክ ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር እንደሆኑ የሚናገረውን ሐዲስ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። በሱረቱ ፋጢር 27ኛው አንቀጽም የተራሮች ነጭ፣ ቀይና ጥቁር መስመሮች ተወስተዋል። ከዶርም መስኮት ሆኖ ዳሞታን የሚያይ ሰው አንቀጹን ሲያነብ ሌላ ስሜት ይኖረዋል።

ሁለት ፈረቃ፣ አንድ አረንጓዴ

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። ቀለም ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ያንኑ ቀለም ደግሞ ማግኘት ሌላ ነገር። ሥራችን በሁለት ፈረቃ ነበር። እህቶች ቅዳሜ ጠዋት እስከ ዙህር፣ ወንድሞች ከአስር ሶላት በኋላ። ጠዋት እህቶች የጀመሩትን ተራራ ከሰዓት ወንድሞች ይጨርሱታል። አረንጓዴው ግን ጣሳ ውስጥ ያለ ቀለም አይደለም፤ በእጅ የተፈጠረ ነው። ጠዋት በነበረው እጅ ልክ ከሰዓት ካልተፈጠረ ተራራው መሐል ላይ ስፌት ያለበት ልብስ ይመስላል። አንዱ ሥዕሉን ለብቻው ቢሠራው ኖሮ ይህ ጥያቄ አይነሳም ነበር፤ ዓይኑና እጁ ስለሚበቁት። በጋራ ሲሠራ ግን በዓይን የያዝነውን ወደ ቁጥር መቀየር ግድ ይሆናል። የቀለም ትምህርት ወደ ልባችን የገባው እዚህ ላይ ነው ብንል አልተጋነነም።

ስሌቱን እናሳያችሁ፤ ራሳችሁ ልትሠሩበት ትችላላችሁ። አንድ ኮምፐርሳቶ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በግምት 3 ካሬ ሜትር። ሁለት ኮምፐርሳቶ 6 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ አረንጓዴ የሚሸፍነው ሲሶውን፣ ማለትም 2 ካሬ ሜትር ነው። ሁለት ጊዜ ስለሚቀባ 4 ካሬ ሜትር ብለን እንያዘው። አንድ ሊትር የግድግዳ የውሃ ቀለም አንድ ጊዜ ሲቀባ 10 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ስለዚህ የሚያስፈልገው 400 ሚሊ ሊትር ነው። ለብክነት ጨምረን 500 አደረግነው።

በካርቶኑ ላይ የተመረጠው አረንጓዴ 20 ሚሊ ሊትር ቢጫ ላይ 1 ሚሊ ሊትር ጥቁር ነበር። 500 ሚሊ ሊትር ለማዘጋጀት 500ን ለ21 ማካፈል ነው፦ 24 ሚሊ ሊትር ጥቁር፣ 476 ሚሊ ሊትር ቢጫ። ጥቁሩን በ5 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ለካነው፤ ቢጫውን አናቱ በተቆረጠ ሃይላንድ ላይ መስመር አስምረን። በጥቂት መጠን ደጋግሞ ከመቀላቀል በአንድ ጊዜ ብዙ መቀላቀል የሚሻልበትን ምክንያት አስተውሉ። 1 ሚሊ ሊትር ስትለኩ እጃችሁ በ0.2 ቢስት ስሕተቱ 20 በመቶ ነው፤ ቀለሙ በዓይን ይለያል። 24 ስትለኩ ያው 0.2 ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ማንም አያውቀውም። በላብራቶሪ ሪፖርት ላይ ሰልችቶን የምንጽፈው የስሕተት ስሌት እዚህ ተራራ ላይ ተሰምሮ ታየ።

አቀላቀሉም ሥርዓት አለው። ሁልጊዜ ደካማውን ቀለም መጀመሪያ አስቀምጡ፤ ኃይለኛውን በላዩ ላይ በጠብታ ጨምሩ። ቢጫ ደካማ ነው፤ ጥቁር ኃይለኛ ነው። ጥቁር ላይ ቢጫ እየጨመርን አረንጓዴ እንፈልግ ብንል ጣሳውን ሙሉ ጨርሰንም ላንደርስ እንችላለን። የጋራ ዕቃ ላይ ደግሞ ማንም ዝም ብሎ አይጨምርም። የሚጨምረው ሰው ምን ያህል እንደሚጨምር ድምፁን አሰምቶ ይናገራል፤ አንድ ሰው በደብተር ይጽፋል። መጀመሪያ ላይ ይህ ደንብ ለአንዳንዶቻችን የማያስፈልግ ጥብቅነት መስሎን ነበር፤ ከሰዓት የመጡት ወንድሞች ደብተሩን ከፍተው ሲያነቡ ግን ጠዋት ማን ምን እንዳደረገ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም።

አንድ ነገር ላይ እህቶች ከእኛ በጣም ቀድመውናል። የተቀላቀለውን ቀለም ካርቶን ላይ ቀብተው ወዲያው "ይሄ ነው" አላሉም። እስኪደርቅ ጠበቁ። ከየት እንዳመጡት ስንጠይቅ መልሱ ሂና ነው። ሂና የሚቀባ ሰው እጁን ባጠበ ሰዓት የሚያየው ቀለም የነገው ቀለም እንዳልሆነ ያውቃል። የግድግዳ የውሃ ቀለምም እንዲሁ ነው፤ እርጥብ ሳለ ውስጡ ያለው ማጣበቂያ ወተት ስለሚመስል ቀለሙን ያነጣዋል፤ ሲደርቅ ማጣበቂያው ይጠራና ቀለሙ ይጠቁራል። ስለዚህ ሁለት ቀለሞችን ስታወዳድሩ ሁለቱም የደረቁ ይሁኑ። ውሳኔም በፀሐይ ብርሃን ይሰጥ፤ ከመግሪብ በኋላ በአምፖል ሥር የተመሳሰሉ ሁለት አረንጓዴዎች ጠዋት ሲታዩ ሊለያዩ ይችላሉ።

የዱንጉዛውን ክፈፍ በተመለከተ ባጭሩ፦ ከብሩሁ ወደ ጥቁሩ ሂዱ። መጀመሪያ ነጭ መደብ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ በመጨረሻ ጥቁር። ቢጫ ከሥሩ ያለውን የመሸፈን አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ ቀይ ላይ ብትቀቡት ብርቱካናማ ይሆንባችኋል። በየመሐሉ ይድረቅ፤ ጠርዙን በወረቀት ፕላስተር ያዙ።

ጎረቤት ቀለም

ሰማዩስ? ሰማያዊ በሌለበት ሰማይ እንዴት ይሣላል? ያ የሚሥለው ወንድም ጥቁርና ነጭ ቀላቅሉ ሲለን የዝናብ ቀን ሊያደርግብን ነው ብለን ነበር። ብቻውን ካርቶን ላይ ስናየው ግራጫ ነው። ሰሌዳው ላይ፣ ቀላ ካለው ዓባያና ከብርቱካናማው አፈር አጠገብ ሲያርፍ ግን ሰማያዊ መሰለ። ለማረጋገጥ ያንኑ ግራጫ የተቀባ ካርቶን ሰሌዳው ላይ ለጠፍነው። ከሰማዩ ጋር አንድ ሆኖ ጠፋ።

ይህ ጉዳይ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ከሸማኔዎች ጋር የተያያዘ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ዩጂን ሼቭረል እ.ኤ.አ. በ1824 ፓሪስ በሚገኘው የጎብላን የምንጣፍ ማምረቻ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ጥቁሩ ክር ጥራት የለውም የሚል ቅሬታ ይቀርብለት ነበር። ማቅለሚያውን ሲመረምር ችግር አላገኘበትም። ችግሩ ጥቁሩ ከጎኑ ከተሸመነው ሰማያዊና ወይን ጠጅ ክር ጋር በመቀመጡ ነበር፤ ጎረቤቱ መልኩን ቀየረው። ሼቭረል በዚህ ላይ ያካሄደውን ጥናት በ1839 በመጽሐፍ አሳተመ። ከእርሱ ስምንት መቶ ዓመት በፊት ኢብኑል ሀይሠምም የአንድ ቀለም መልክ በዙሪያው ባለው ቀለም እንደሚለዋወጥ ጽፈው ነበር።

ለጋራ ሥራ ይህ በጣም አስፈላጊ ነው። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ቀለም ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። ከቀዩ ጎን የሚሠራው ሰው አረንጓዴው በጣም ጎልቷል ይላል፤ ከቢጫው ጎን ያለው ደብዝዟል ይላል። ክርክሩን ለመፍታት አንድ ነጭ ወረቀት መሐሉን በሳንቲም ልክ ቀዳችሁ ሁለቱም ቦታ ላይ አስቀምጡ። ጎረቤቶቹ ሲሸፈኑ ቀለሙ አንድ መሆኑ ወይም አለመሆኑ ይለያል። ይህች የተቀደደች ወረቀት ብዙ ቃላት አስቀርታልናለች።

ምን ይሣል?

ሥራው ሲጀመር "ሥዕል ነው እኮ፣ ይፈቀዳል ወይ?" ብለው የጠየቁ ወንድሞች ነበሩ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ በቸልታ ሊታለፍ አይገባም። ሥዕል በመሥራት የሚተዳደር ሰው ወደ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) መጥቶ ሲጠይቃቸው ከሐዲሱ ካስጠነቀቁት በኋላ መሥራት ግድ ከሆነበት ዛፍንና ሩሕ የሌለውን ነገር እንዲሠራ እንደመከሩት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ሰሌዳችን ላይ ተራራ፣ ተክል፣ ውሃና የልብስ ጥለት እንጂ ሰውም እንስሳም የሌለው በዚህ ምክንያት ነው። ዝርዝሩን ለሚፈልግ ኡስታዞቻችን አሉ። ከሥራው አንጻር ግን አንድ ነገር እንበል፤ ገደቡ ሥራውን አላጠበበውም። ተራራ ብቻ ለመሣል ስንት አረንጓዴ እንደሚያስፈልግ የሞከረ ያውቀዋል። በደብተራችን ላይ አሁን አሥራ አንድ አረንጓዴ አለ፤ ሁሉም ከቢጫ፣ ከጥቁርና ከነጭ ብቻ፤ ሦስቱ ላይ ብቻ ትንሽ ቀይ ገብቶበታል። ቀይ የአረንጓዴን ድምቀት ስለሚቀንስ ለሩቁ የተራራ ጫፍ ይጠቅማል።

በቃል ጨዋታ ለምትደሰቱ ደግሞ፦ በዐረብኛ "ቀለም" ብዕር ነው። በአማርኛችን ብዕሩ ቀርቶ ብዕሩ የሚነከርበት፣ ግድግዳው የሚቀባበት፣ ዓይን የሚያየው፣ ተማሪም የሚቆጥረው ሁሉ ቀለም ሆነ።

ይህን ልምምድ በአምስት ሰው ዶርም ውስጥም መሥራት ይቻላል። ሦስት ትንንሽ ጠርሙስ የውሃ ቀለም፣ ነጭ፣ የተቆረጠ ካርቶን፣ አንድ ስሪንጅና ደብተር ይበቃል። ሰባቱን ሳጥኖች ሠርታችሁ መንገዶቹን ተከፋፈሉ፤ ሲደርቅ ተቀያይራችሁ የሌላውን ሳጥን ከደብተሩ ብቻ አንብባችሁ ደግማችሁ ለመሥራት ሞክሩ። ተመሳሳዩ ካልወጣ ደብተሩ ላይ ያልተጻፈ ነገር አለ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የውሃው መጠን ነው።

ከእነዚህ ቀለማት የማይገኘው ወይን ጠጅ ነው። ቀይና ጥቁር ቡናማ እንጂ ወይን ጠጅ አይሰጥም። ለዚያ ሰማያዊ ግድ ነው፤ እርሱም ወደ አረንጓዴ የማያዘነብል፣ ቀዩም ወደ ብርቱካናማ የማያዘነብል መሆን አለበት፤ አለበለዚያ በሁለቱ ውስጥ የተደበቀው ቢጫ ቅልቅሉን ወደ ቡናማ ይጎትተዋል። የሚቀጥለው ሰሌዳ ላይ አንድ ጣሳ ሰማያዊ ለመግዛት አስበናል። ደብተሩ ከስሪንጁና ከተቀደደችው ወረቀት ጋር በጀመዓው ቁም ሳጥን የላይኛው መደርደሪያ ላይ አለ፤ የፈለገ ወስዶ መገልበጥ ይችላል። የተረፈው አረንጓዴ በሁለት ሃይላንድ ተዘግቶ ከጎኑ ተቀምጧል፤ ከመጠቀማችሁ በፊት ገልብጣችሁ በደንብ አናውጡት፤ ቀለሙ ሲቀመጥ ይለያያል።